ከአዲስ አበባ ሐዋሳ፦ ባለ ትዳሮች ቤተሰብ ሊጠይቁ ሲሄዱ

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በማለዳ የተነሣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ጉዞውን ያበላሸውም ይኸው ቅርበቱ ነው። "ምን አላት" እያልን ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ እንወጣለን፣ ቀትር ላይ ደክመን እንገባለን፣ የቀረበልንን በልተን ሶፋ ላይ እናንቀላፋለን፣ እሑድ ከምሳ በኋላ "ነገ ሥራ አለ" ብለን ሻንጣ እናነሣለን። ሳምንቱን ሙሉ ስትሰናዳ የሰነበተች እናት ልጇን በወጉ ሳታይ ትሸኛለች። ባልና ሚስቱም አንድ መኪና ውስጥ ተቀመጡ እንጂ አብረው አልዋሉም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ረጋ ብለው መጓዝ ለሚፈልጉ ባለ ትዳሮች ነው። ጉዞውን አምስት ቀን አድርጉት፣ መሄጃውን ለሁለት ቀን ክፈሉት። ለሁለታችሁ የሚያስፈልጋችሁን ዕረፍትና ጨዋታ መንገድ ላይ ውሰዱ፤ ቤተሰብ ደጅ ስትደርሱ ልባችሁ ሙሉ በሙሉ የእነሱ ይሁን። ቤተሰባችሁ ያለው አርባ ምንጭ ወይም ድሬዳዋ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ያገለግላችኋል፤ እኔ ግን በማውቀው በሐዋሳ መንገድ ላስረዳ።

1. ከመደወላችሁ በፊት ሁለታችሁ ተስማሙ

አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ፣ የቀን መቁጠሪያውን ፊታችሁ አድርጋችሁ ተቀመጡ። ሐሙስ ወጥታችሁ ሰኞ ብትመለሱ ከዓመት ፈቃዳችሁ የሚቆረጠው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሐሙስ ሙሉውንና የዓርብን ግማሽ ለመንገድ፣ ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ሰኞ ጠዋት ያለውን ለቤተሰብ ያዙት።

ወሩን ስትመርጡ በዓላቱን ተመልከቱ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ይነግሣል፤ ምእመኑ ከየአገሩ ይጎርፋል፣ አልጋ ይጠፋል፣ መንገዱ ይጨናነቃል። ቤተሰባችሁ ገብርኤልን የሚዘክር ከሆነ ግን ከዚያ የተሻለ ቀን የለም፤ ብቻ አልጋ የምትፈልጉ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ያዙ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ስለሚከበር መንገዱ በሕዝብ ይሞላል። የሲዳማ ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ ፊቼ ጫምባላላን አስቡ። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው ይህ ዘመን መለወጫ ቋሚ ቀን የለውም፤ የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ የሚያነቡ አያንቶ የሚባሉ አባቶች በየዓመቱ ይቆርጡታል። ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ባለው ጉዱማሌ ሕዝቡ ሲሰበሰብ ያየ ሰው አይረሳውም። የዓየሩ ነገር ካሳሰባችሁ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ደረቅና ምቹ ነው።

ጾምንም አትርሱ። በዐቢይ ጾም ከሄዳችሁ ኦርቶዶክስ እናት ዶሮ አርዳ ልታበላችሁ አትችልም፤ እናንተ "ሽሮ ይበቃናል" ብትሉም እሷ ቅር ይላታል። በረመዳን የሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ የምትሄዱ ከሆነ ማፍጠሪያ ሳይደርስ መግባት ነው። በሲዳማ የፕሮቴስታንት አማኝ ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት የምትሄዱ ከሆነ እሑድ ጠዋት ለጸሎት መሆኑን አውቃችሁ ሌላ ቀጠሮ አትያዙበት።

ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ሦስት ነገር ይቀራል፦ ስንት ሌሊት እንደምታድሩ፣ የት እንደምታድሩ፣ ስንት ብር እንደምታወጡ። የብሩን ነገር በግልጽ ተነጋገሩ። ለመንገድ ይህን ያህል፣ ለስጦታ ይህን ያህል፣ ለእጅ ይህን ያህል ብላችሁ ለዩት። ሳይነጋገሩ የሄዱ ባልና ሚስት አማት ቤት መኝታ ክፍል ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጨቃጨቁ ያድራሉ፤ ግድግዳው ደግሞ ቀጭን ነው። የማን ቤተሰብ ተራ ነው የሚለውም እዚሁ ይለቅ። ዘንድሮ የእሷ ቤተሰብ ከሆነ የእሱ ቤተሰብ የሚጠየቅበት ወር አሁኑኑ ይጻፍ።

አራተኛ የምጨምረው ጥያቄዎቹን ነው። "ልጅስ?"፣ "ቤቱን ገዛችሁ?"፣ "ወንድምህን ሥራ አታስገባውም?" የሚሉ ጥያቄዎች እንደሚመጡ ታውቃላችሁ። መልሱን አሁን ተስማሙበት፤ መልሱን የሚሰጠውም የቤቱ ልጅ ይሁን። ምራት ወይም አማች እንዲህ ባለ ጥያቄ ፊት ብቻውን ሊቆም አይገባም። ይህ በእኔ እምነት ከስጦታውም ከመንገዱም የሚበልጥ ዝግጅት ነው።

2. ደውሉ፤ የመጀመሪያው ስልክ ለታላቁ ይሁን

መምጣታችሁን ለታናሽ እህት በቴሌግራም ጽፎ "ለእማዬ ንገሪያት" ማለት ነውር ነው። ለእናት ወይም ለአባት ራሳችሁ ደውሉ። የምትደርሱበትን ቀንና ሰዓት፣ የምትመለሱበትንም ቀንና ሰዓት በአንድ ስልክ ተናገሩ። መመለሻው መጀመሪያ ካልተነገረ በኋላ ሲሰማ እንደ ቁጣ ይቆጠራል። መንገድ ላይ እንደምታድሩም ንገሩ፤ አለበለዚያ ሐሙስ ማታ በር እየከፈቱ እየዘጉ ሲጠብቁ ያመሻሉ።

"ምንም እንዳትሠሪ፣ ጉድ ጉድ እንዳትይ" ማለት ፋይዳ የለውም፤ ማንም እናት ሰምታው አታውቅም። የሚሠራው አንድ ነገር ለይቶ መጠየቅ ነው። "እማዬ፣ ዓርብ ማታ ያንቺን ሽሮ፣ ቅዳሜ ዶሮውን" ብትሏት ድካሙ ይቀንሳል፣ እሷም የሚወደደውን ስለምታውቅ ደስ ይላታል።

ቀጥሎ ለእህት ወይም ለወንድም ለብቻ ይደወላል። ቤት ውስጥ ምን ጎደለ? አባዬ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው? እማዬ ስኳር አለባት ተብላለች ወይ? በሰፈሩና በዘመድ ማን ሞተ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደች? ለቅሶ ያልተደረሰበት ቤት ስም ዝርዝር የግድ ያስፈልጋችኋል። የመንገዱን ሁኔታም የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ከመነሣታችሁ አንድ ቀን በፊት ደግማችሁ ጠይቁ። ሰላም አይደለም ከተባለ ቀኑን ማዛወር ነው እንጂ መድፈር አይገባም።

3. ስጦታና ስንቅ

ወደ ሲዳማ ቡና ይዞ መሄድ አይገባም። ቅቤና ቆጮም እዚያው አለ፤ ዓሣም ሐይቁ ደጃቸው ነው። ከአዲስ አበባ የሚወሰደው እዚያ እንደ ልብ የማይገኘው ነው፦ ከሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ፣ ለአባት የንባብ መነጽር (ቁጥሩን ከእህት ጠይቁ)፣ በሐኪም የታዘዘና እዚያ የጠፋ መድኃኒት፣ ለልጆች መጽሐፍ። ልጆች ባሉበት ቤት ለሁሉም እኩል ይሁን፤ ለአንዱ ጫማ ለሌላው ከረሜላ መስጠት ዓመት ሙሉ የሚታወስ ቅሬታ ያመጣል። መጠጥ የምታመጡ ከሆነ የቤቱን እምነት አረጋግጡ።

ለምትጠይቋቸው ሌሎች ቤቶች ስኳር፣ ዘይት፣ ፍራፍሬ ይበቃል። ይህን ከአዲስ አበባ መጫን የለባችሁም፤ ዓርብ መንገድ ላይ ወይም ሐዋሳ ገበያ ይገዛል። የመኪናችሁን የኋላ ሻንጣ ሲሶውን ባዶ ተዉት። ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ለመንገድ ቀለል ያለ ስንቅ ያዙ፦ ውሃ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ በፔርሙዝ ሻይ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ባቱ 1,640፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ናቸው። ቀኑ ይሞቃል፣ ሐይቅ ዳር ማታ ይነፍሳል። ሳሳ ያለ ልብስና አንድ ሹራብ በቂ ነው። ስምጥ ሸለቆው የወባ አገር መሆኑን ግን አስታውሱ። ለምሽት እጀ ረጅም ልብስ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ከተቻለ አጎበር ያዙ።

4. መጓጓዣ

በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት በታች ይደረሳል፤ ጊዜ ላጠረው ጥሩ ነው፣ መንገዱን ግን አታዩትም። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ምቹ ነው፤ ትኬቱን ቀድሞ መቁረጥና መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። ከቃሊቲ መናኸሪያ በሚወጡ መኪኖች ባቱ ድረስ ሄዶ አድሮ በማግስቱ ሌላ መያዝም ይቻላል፤ ሻንጣ ያነሰው ሰው ይሞክረው። ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ የሚሻለው የራስ ወይም የኪራይ መኪና ነው።

መኪናውን ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ አስፈትሹ፦ ፍሬን፣ ጎማ ከነትርፉ፣ የሞተር ውሃና ዘይት። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ጊዜው እንዳያልፍ። ነዳጅ አዲስ አበባ ሙሉ አድርጋችሁ ውጡ፤ ክፍያው በስልክ ስለሆነ ሒሳባችሁ ላይ ብር ይኑር፣ ኪሳችሁም ውስጥ ለትንንሽ ነገር ዝርዝር ይኑር። በሌሊት አትንዱ። ከሞጆ ወዲያ አሮጌው መንገድ ላይ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ከብትና እግረኛ አንድ አስፋልት ይጋራሉ፤ ከመሸ በኋላ መብራት የሌለው ጋሪ ፊት ለፊታችሁ የሚታያችሁ ሲደርስ ነው።

5. የመጀመሪያው ቀን፦ እስከ ላንጋኖ

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ውጡ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነሣት አያስፈልግም፤ ዛሬ የምትሄዱት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቱሉ ዲምቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ትይዛላችሁ፤ ክፍያው እንደ ርቀቱና እንደ መኪናው ዓይነት ነው።

ቢሾፍቱ ላይ ውጡና ቁርስ ብሉ። ከተማዋ በእሳተ ገሞራ አፎች ውስጥ በተኙ ሐይቆች የተከበበች ናት፤ ባቦጋያ ወይም ቢሾፍቱ ሐይቅ ከአፋፉ ላይ ቁልቁል እየታየ ቡና መጠጣት በቂ ነው። እዚህ ብዙ አትቆዩ። ቢሾፍቱ ለአዲስ አበቤ የእሑድ መዋያ ነው፤ ሌላ ቀን ትመጡበታላችሁ።

ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ትታጠፋላችሁ። ከዚህ ወዲያ ሁለት ምርጫ አለ። የሞጆ–ሐዋሳ የፍጥነት መንገድ እስከ ባቱ ያለው ክፍል ለአገልግሎት ተከፍቷል፤ አሮጌው መንገድ ደግሞ በቆቃ፣ በዓለም ጤናና በመቂ ያልፋል። ስትሄዱ በአዲሱ፣ ስትመለሱ በአሮጌው እንድትጓዙ እመክራለሁ። ስትሄዱ ያተረፋችሁት ሰዓት ሐይቅ ዳር ይጠቅማችኋል፤ ስትመለሱ ግን አሮጌው መንገድ ላይ የምትገዙት አለ።

ምሳ ባቱ ነው፣ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ዝዋይ የሚላት። ዓሣ ጥብሱን ወይም ጉላሹን እዘዙ፤ ቆሮሶ ከአምባዛ ይልቅ ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር በየቤቱ የተለየ መልስ አለው፤ ሐዋሳ ስትደርሱ የቤቱን ልማድ ተከተሉ።) ከምሳ በኋላ ወደ ደንበል ሐይቅ ወደብ ውረዱ። አባ ኮዳና ፔሊካን የዓሣ ትርፍራፊ ሲሻሙ ከቅርብ ታያላችሁ። ከሐይቁ ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። ደብረ ጽዮን ማርያም ያለችው እዚያ ሲሆን፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ ያረፈችበት ነው ብለው አባቶች ይተርካሉ። በደሴቶቹና በዳርቻው የሚኖሩት ዛዮች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ወደዚያ መሻገር ግማሽ ቀን ይፈጃል። የምትፈልጉት ከሆነ ላንጋኖን ትታችሁ ባቱ እደሩና ዓርብ በማለዳ ተሻገሩ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ሐይቁ ይናወጣል። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ቁረጡ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ።

ደሴቱን ለሌላ ጊዜ ካቆያችሁት ላንጋኖ ላይ እደሩ። ማረፊያውን ቀድማችሁ ያዙ፤ የሥራ ቀን ስለሆነ ከቅዳሜና እሑድ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ብትደርሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመዋኘት ትደርሳላችሁ። የውሃው መልክ ቡናማ የሆነው በውስጡ በተንሳፈፈው ደቃቅ ማዕድን የተነሣ ነው፤ ቆሻሻ አይደለም። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሰው ሳይሰጋ የሚዋኝበት ይህ ነው። ደንበልና ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ በቢልሃርዚያ ምክንያት አትግቡ።

ይህች ምሽት የሁለታችሁ ናት። ለቤተሰብ ደውላችሁ በሰላም መድረሳችሁን ከነገራችሁ በኋላ ስልኩን አስቀምጡት። ቤት ውስጥ በሥራና በልጅ ምክንያት ያልተጨረሰ ጨዋታ ካላችሁ እዚህ ይጨረስ። ነገ ከሰዓት ጀምሮ እስከ ሰኞ ድረስ ለብቻ የምትሆኑበት ሰዓት ብዙ አይኖርም፤ ዛሬ ከጠገባችሁ ግን አትቸገሩም።

6. ሁለተኛው ቀን፦ ቡና ሲፈላ ድረሱ

ዓርብ ጠዋት አብያታ–ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ግቡ፤ ከላንጋኖ ቅርብ ነው። ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ሆነው አይመሳሰሉም። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ከአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጥልቁ ነው። አብያታ ግን ጥልቀት የለውም፤ ወደ እሱ የሚፈሰው የቡልቡላ ወንዝ ውሃ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ ከራሱም ሶዳ አሽ እየተመረተ ዳርቻው ብዙ ሸሽቷል። በሐይቁ ያሉትን ፍላሚንጎዎች ልጆቻችን ማየት አለማየታቸው የሚወሰነው በዚህ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ስትገቡ የፓርኩን ክፍያ ከፍሎ፣ ከጠባቂዎቹ አንዱን ይዞ መዞር ደግ ነው። በሻላ ዳር የሚፈላ ውሃ ከመሬት ይወጣል፤ አካባቢው ላይ ስትራመዱ ተጠንቀቁ።

አርሲ ነገሌን አልፋችሁ ሻሸመኔ ትገባላችሁ። መንገዶች የሚገናኙባት፣ ባጃጅና ጭነት መኪና የሚተራመሱባት ከተማ ናት፤ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ከባሕር ማዶ ለሚመጡ የአፍሪካ ልጆች የሰጡት መሬት እዚህ ነው፤ የራስ ተፈሪያን ሰፈር እስከ ዛሬ አለ። ወንዶ ገነት ፍል ውሃም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፓርኩን ካያችሁ ግን ወንዶ ገነትን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ረጋ ያለ ጉዞ ማለት በየመገንጠያው መታጠፍ አይደለም።

ሻሸመኔ ላይ ቁሙ። ፊታችሁን ታጠቡ፣ ሸሚዝ ቀይሩ፣ ቀለል ያለ ምሳ ብሉ፣ ለምትጠይቋቸው ቤቶች ፍራፍሬ ግዙ። ከዚያ ደውሉ፦ "ሻሸመኔ ነን፣ ቡና ላይ እንደርሳለን።" የቀራችሁ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ለምሳ እንመጣለን ካላችሁ ቤተሰቡ ሁሉ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው አባት ጭምር፣ እህል ሳይቀምሱ ይጠብቋችኋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለቡና መግባት ግን ማንንም አያስርብም፤ ፀሐይም ሳለች ፊት ለፊት ተያይቶ ሰላም ለመባባል ይመቻል። ጠግባችሁ አትግቡ። ቡናው ከመፍላቱ በፊት ምግብ መቅረቡ አይቀርም፣ እንቢ ማለትም አይቻልም።

7. ቤተሰብ ቤት

የት ይታደራል? የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ሌሊት የግድ ቤት ይታደር። እናንተ በማደራችሁ ሽማግሌ አልጋውን ለቅቆ ፍራሽ ላይ የሚተኛ ከሆነ ግን ከሁለተኛው ሌሊት ጀምሮ በአቅራቢያው ሆቴል ያዙ። ይህን የሚናገረው የቤቱ ልጅ ነው፤ የሚናገረውም በስልኩ ጊዜ አስቀድሞ ነው። ምራት ወይም አማች ከተናገረው "ቤታችንን ናቀ" ይሆናል። ሆቴል ብታድሩም ቁርስ ቤት ነው።

ስጦታውን ጎረቤት በተሰበሰበበት አትዘርጉት። ማታ ቤተሰብ ብቻ ሲቀር ለእያንዳንዱ በእጁ ስጡ። ለእናት የሚሰጥ ብር በመጨረሻው ቀን፣ ለብቻዋ፣ ሳይቆጠር ነው።

የቤቱ ልጅ አንድ ትልቅ ሥራ አለበት፦ የትዳር ጓደኛውን ብቻውን አለመተው። ሐዋሳ የብዙ ሕዝብ ከተማ ናት፤ ቤት ውስጥ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚነገር ከሆነና ሚስትህ የማትሰማው ከሆነ ጨዋታውን እየተረጎምክላት ተቀመጥ። አንቺም ባልሽ ሳሎን ውስጥ ከአባትሽ ጋር ዝም ተባብለው ሲቀመጡ አይተሽ ማጀት ውስጥ አትቅሪ። እንግዳ የሆነው ወገን ደግሞ የቀረበለትን ይቅመስ። ከእንሰት ተሠርቶ በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ ሲቀርብ "አልለመድኩትም" አይባልም።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ሂዱ፤ እናትና አባትንም ይዛችሁ። ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ሐይቁ ዳር ከተማ የሚኖሩ ወላጆች ሐይቁ ዳር ከተቀመጡ ዓመታት ያለፋቸው ብዙ ናቸው፤ እነሱን የሚያወጣቸው እንግዳ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው ሲመለሱ፣ ወጣቶች በፍጥነት ዓሣ ሲያጸዱ፣ አባ ኮዳዎች ዙሪያውን ከበው ሲጠብቁ የምታዩት በማለዳ ነው። እዚያው ትኩስ የዓሣ ሾርባ ይጠጣል። ጥሬውን የሚበሉ አሉ፤ ለሆዳቸው የሚሰጉ ጥብሱን ይምረጡ። ዛፎቹ ላይ ጦጣና ጉሬዛ ስላሉ ቦርሳችሁን ዝጉ። እናት በዚህ ጠዋት አታበስልም፣ አታቀርብም፣ አትነሣም፤ እንደ እናንተ ተቀምጣ ትበላለች። ከልጆቿ ጋር በወጉ የምታወራው እንዲህ ስትቀመጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የጥየቃ ነው። መጀመሪያ ለቅሶ ያልደረሳችሁበት ቤት፣ ቀጥሎ ሕመምተኛ፣ ቀጥሎ አራስ፣ ቀጥሎ ሌላው ዘመድ። በቀን ከሦስት ቤት አትለፉ። እያንዳንዱ ቤት ምግብም ቡናም ያቀርባል፤ አቦል ጠጥቶ መነሣት ከአለመምጣት አይሻልም። ከተማ ውስጥ ባጃጅ ስለሚቀል መኪናውን አቁሙት። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሁለታችሁ ብቻ "እግራችንን እናፍታታ" ብላችሁ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ውጡ። ከተማዋ በሐይቁ ምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ የምትጠልቀው ውሃው ላይ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ አትቆዩ፣ ለእራት እየጠበቋችሁ ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ያለውን ጊዜ ለቤቱ ሥራ ስጡት። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይጠገን፣ የእማማ ስልክ ይስተካከል፣ የፋይዳ ምዝገባቸው ያላለቀ ከሆነ ሰኞ ማን እንደሚወስዳቸው ይወሰን፣ የአባት የመድኃኒት ወረቀት ፎቶ ይነሣ። ማታ ደግሞ ስልካችሁን መቅጃ ላይ አድርጋችሁ አባትን የአያት ቅድመ አያት ስም እስከ ሰባት ቤት እንዲቆጥሩ፣ ወደዚህ ከተማ እንዴት እንደመጡ እንዲያወጉ ጠይቁ። ለልጆቻችሁ ከዚህ የሚበልጥ የምትወስዱት ነገር የለም። የቤተሰብ ፎቶ ሳትነሡ አትውጡ፤ ምግብ የምትሠራውንም ልጅ ከማጀት ጥሩና አስገቧት።

8. መመለስ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለመውጣት ከፈለጋችሁ አንድ ሰዓት ላይ ሻንጣውን ጫኑ። ቁርስ አለ፣ ቡና አለ፣ ምርቃት አለ። ምርቃት በችኮላ አይደረግም፤ ቁልፍ እያንቀጨቀጨ "አሜን" የሚል ሰው አትሁኑ።

ባዶ የተዋችሁት የሻንጣ ቦታ አሁን ይሞላል፦ ቡና፣ ቆጮ፣ ቅቤ፣ አቮካዶ። አይሆንም አትበሉ። የቡናው ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዛት ያለው ጥሬ ቡና ኬላ ላይ ያስጠይቃል፣ ሊወረስም ይችላል። ለቤት የሚሆን ትንሽ ብቻ ያዙ፤ ቆልተው ወይም ፈጭተው ቢሰጧችሁ ደግሞ ይሻላል። ቅቤውን በደንብ በሚዘጋ ዕቃ አድርጋችሁ ከፀሐይ አርቁት።

በአሮጌው መንገድ ስትመለሱ መቂ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም በካሳ ይሸጣል፤ ለጎረቤትም ጭምር ግዙ። ቆቃ ላይ ለዕረፍት ቁሙ፤ የምታዩት ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960 አዋሽ ወንዝ ላይ ግድብ ሲሠራ የተፈጠረ ነው። አዲስ አበባ ሳይመሽ ግቡ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ከሁለታችሁ አንዳችሁን ብርድ ብርድ ካለው ወይም ካተኮሰው "ጉንፋን ነው" ብላችሁ አትቀመጡ፤ ስምጥ ሸለቆ አድራችሁ መምጣታችሁን ለሐኪም ነግራችሁ የወባ ምርመራ አድርጉ።

ቤት እንደገባችሁ፣ ዕቃውን ከማውረዳችሁ በፊት ደውሉ። ሁለታችሁም በየተራ አናግሯቸው፤ ሥራ በዝቶባችሁ ድምፃችሁ ለሳምንት እንዳይጠፋ፣ የሚቀጥለውን የስልክ ቀን እዚያው ቁረጡና አክብሩት።